ከሴራሊዮን እስከ አን አርበር፦ የአማራ ዳርቦ መንገድ

አማራ ዳርቦ በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ስማቸው ከተጠራ አፍሪካውያን ስደተኞች አንዱ ነው። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ውስጥ 151 ኳሶችን ቀልቦ ቡድኑን 2,062 ያርድ ወደፊት ያራመደ፣ 14 ጊዜ ታችዳውን ያስቆጠረ ተጫዋች ሲሆን፣ በ2017 ሲያትል ሲሆክስ የተባለው የፕሮፌሽናል ክለብ መርጦታል። የተወለደው በየካቲት ወር 1994 በሴራሊዮን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ አማራ የሚለውም በምዕራብ አፍሪካ የተለመደ የወንድ ስም ነው።) በሁለት ዓመቱ እናትና አባቱ በእርስ በርስ ጦርነቱ ተገደሉ። በሰባት ዓመቱ በስደተኝነት አሜሪካ ገባ። ከዚያም አንድ የአዮዋ ቤተሰብ ቤቱን ከፍቶለት በሕግ ሞግዚት ሆኖ አሳደገው።

ይህን ታሪክ የስፖርት ጋዜጠኞች ብዙ ጊዜ ተርከውታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ግን የልጁ ተሰጥኦና የአሳዳጊዎቹ ደግነት ብቻ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሆኖም በመካከላቸው የስደተኞች ሕግ፣ የአንድ ክፍለ አገር ልማድ፣ የቤተ ክርስቲያን ምእመናን፣ የትምህርት ቤት አሠልጣኞችና የኮሌጅ ስፖርት ሥርዓት አሉ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ዳርቦ ኳሱን የመቅለብ ዕድል ባልገጠመው ነበር።

የሴራሊዮን ጦርነት የጀመረው በመጋቢት 1991 ነው። በፎዳይ ሳንኮ የሚመራው የተባበረ አብዮታዊ ግንባር የተባለ አማፂ ኃይል ከላይቤሪያ ድንበር ተሻግሮ ገባ። ከጀርባው የላይቤሪያው የጦር መሪ ቻርልስ ቴይለር ነበር፤ ጦርነቱን ከሚቀልቡት ነገሮች ዋናው ደግሞ በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል የሚወጣው አልማዝ ነበር። አማፂዎቹ ሕፃናትን አፍነው ጠመንጃ ያሸክሙ ነበር፤ የሰላማዊ ሰዎችን እጅና እግር እየቆረጡ ሕዝቡን ማሸበርንም ስልት አድርገው ያዙት። በ1996 መጀመሪያ አገሪቱ ምርጫ ስታካሂድ ድምፅ የሚሰጡ እጆችን መቁረጥ የዘመቻቸው አካል ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አቢጃን ውስጥ የሰላም ስምምነት ቢፈረምም፣ በ1997 ወታደሮች መንግሥት ገለበጡና ሁሉም ፈረሰ። በጥር 1999 ዋና ከተማይቱ ፍሪታውን ራሷ ተወረረች። ጦርነቱ ማብቃቱ በይፋ የተነገረው በጥር 2002 ነው። በ11 ዓመታት ውስጥ 50 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋው ደግሞ ከቀዬው ተፈናቅሏል። ቴይለር በ2012 ልዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ የ50 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

የዳርቦ ወላጆች ከእነዚያ 50 ሺህ ሰዎች መካከል ነበሩ። ልጁ ከቀሩት ዘመዶቹ ጋር በመጀመሪያ ወደ ጋምቢያ፣ ከዚያም ወደ ሴኔጋል ተሰደደ። በዚያ ዘመን ከሴራሊዮን የወጣው ሕዝብ ብዙው በጎረቤት ጊኒና ላይቤሪያ ነበር የተጠለለው። ወደ ሰሜን ርቀው የተጓዙትም ቢሆኑ ከፊታቸው የነበረው ምርጫ ጠባብ ነው፤ ወይ ሰላም ሲወርድ መመለስ፣ ወይ በተጠለሉበት አገር እንደምንም መኖር፣ ወይም ደግሞ ሦስተኛ አገር የሚወስድ ዕድል መጠበቅ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ደጋግሞ እንደሚገልጸው፣ በዓለም ካሉት ስደተኞች ሦስተኛ አገር የመስፈር ዕድል የሚያገኙት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። የዳርቦ ቤተሰብ በዚህች ጠባብ በር አለፈ።

ዘመኑም ረድቶታል። አሜሪካ በ1980 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ መሠረት ፕሬዚዳንቱ በየዓመቱ የሚገቡትን ስደተኞች ጣሪያ ይወስናል። ዳርቦ ሰባት ዓመት በሞላው በ2001 በጀት ዓመት ጣሪያው 80 ሺህ ነበር፤ የገቡትም ወደ 69 ሺህ ይጠጋሉ። በመስከረም 2001 በኒውዮርክና በዋሽንግተን ላይ የሽብር ጥቃት ከደረሰ በኋላ ግን መርሐ ግብሩ ለወራት ቆመ፤ በቀጣዩ በጀት ዓመት የገቡት 27 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። ጉዞአቸው ተፈቅዶ፣ ሻንጣቸውን አሥረው የቀሩ ቤተሰቦች በብዙ ሺህ ይቆጠራሉ። በመካከላቸውም ወላጅ አልባ ልጆች፣ ምናልባትም ፈጣን ሯጮች ነበሩ። ስለ እነርሱ የተጻፈ የስፖርት ታሪክ የለም።

ቤተሰቡ የሰፈረው በአዮዋ ክፍለ አገር ዋና ከተማ በደ ሞይን ነው። አዮዋ በቆሎና አኩሪ አተር የሚታረስባት፣ ክረምቷ የከበደ፣ አብዛኛው ሕዝቧ ነጭ የሆነ የመካከለኛው ምዕራብ ክፍለ አገር ናት። ለምዕራብ አፍሪካ ልጅ የማትመስል መድረሻ ብትሆንም በስደተኛ አቀባበል ግን የቆየ ታሪክ አላት። በ1975 የቬትናም ጦርነት ሲያበቃ ታይ ዳም የተባሉ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ሕዝቦች ሳይበታተኑ የሚሰፍሩበት ቦታ እንዲሰጣቸው ለአሜሪካ ክፍለ አገራት ገዢዎች ደብዳቤ ተጽፎ ነበር። ፈቃደኛ የሆነው የአዮዋው ገዢ ሮበርት ሬይ ነው፤ 1,200 ያህል ሰዎችንም ተቀበለ። በሌሎች ክፍለ አገራት ስደተኛ የማስፈሩን ሥራ የሚሠሩት የሃይማኖትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሲሆኑ፣ በአዮዋ ግን ለብዙ ዓመታት የክፍለ አገሩ መንግሥት ራሱ አስፋሪ ድርጅት ሆኖ ሠርቷል። ቦስኒያውያን፣ ሱዳናውያንና ሌሎችም ተከትለው መጡ። ቤት የሚፈልጉላቸው፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያስመዘግቡላቸው፣ ከገበያ ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልሷቸው አብዛኛውን ጊዜ የአብያተ ክርስቲያናት ምእመናን ናቸው። የዳርቦን ቤተሰብም የተቀበለው በዚህ መንገድ አንድ የደ ሞይን ቤተ ክርስቲያን ነበር።

ልጁ እንግሊዝኛ እየተማረ፣ በየመስኩ ኳስ እየተጫወተ አደገ። በስፖርት የተዋወቀው የአንድ ጓደኛው ቤት ከጊዜ በኋላ የእርሱም ቤት ሆነ፤ የጓደኛው ወላጆች ሕጋዊ ሞግዚቶቹ ሆኑ። እነርሱን እንደ ወላጅ፣ ልጆቻቸውን እንደ ወንድም ቆጠረ፤ ከሥጋ ዘመዶቹ ጋር ያለው ግንኙነትም አልተቋረጠም። ስለ ዳርቦ በተጻፉ ብዙ ጽሑፎች ውስጥ የአዮዋው ቤተሰብ አሳዳጊ ወላጅ እየተባለ መጠራቱ ከዚህ የመጣ ነው።

በሕግ ዓይን ግን ሞግዚትነትና ጉዲፈቻ የተለያዩ ናቸው፤ ልዩነቱም በስደተኛ ልጅ ሕይወት ላይ ከባድ ውጤት አለው። ጉዲፈቻ አዲስ የወላጅና የልጅ ግንኙነት ይፈጥራል። ልጁ የአሳዳጊዎቹ ልጅ ይሆናል፤ ወራሽም ይሆናል። ሞግዚትነት ግን ኃላፊነት ብቻ ነው፦ ልጁን ማኖር፣ ትምህርት ቤት ማስገባት፣ ሐኪም ቤት ሲሄድ መፈረም። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ያበቃል። አሜሪካ በ2000 ያወጣችውና በየካቲት 2001 ሥራ ላይ የዋለው የሕፃናት ዜግነት ሕግ፣ በአሜሪካውያን በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ ቋሚ ነዋሪ ሆኖ ከወላጆቹ ጋር እስከኖረ ድረስ 18 ዓመት ሳይሞላው ያለ ማመልከቻ ዜጋ እንዲሆን ያደርጋል። ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ የሄዱት ከ15 ሺህ በላይ ልጆች አብዛኞቹ ዜግነት ያገኙት በዚህ ሕግ ነው። ኢትዮጵያ ልጆችን በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር መስጠትን በጥር 2018 በሕግ ከልክላለች። በሞግዚት እጅ ያለ ልጅ ግን ያለ ማመልከቻ ዜጋ የመሆን መብት የለውም። ስደተኛ ሆኖ ከገባ ከአንድ ዓመት በኋላ የቋሚ ነዋሪነት ወረቀት ይጠይቃል፤ አምስት ዓመት ሲያልፈውና 18 ዓመት ሲሞላው ራሱ ያመለክታል፣ ይፈተናል፣ ቃለ መሐላ ይፈጽማል። ዳርቦ የአሜሪካ ዜጋ የሆነው በሴፕቴምበር 2015 ነው። ያኔ 21 ዓመቱ ነበር፤ በሚሺጋን ቡድንም አራተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።

ይህን ልዩነት አጉልቶ ያሳየው በፉትቦሉ ዓለም በጣም የታወቀው የሌላ ልጅ ጉዳይ ነው። ማይክል ኦኸር ስደተኛ አይደለም፤ በሜምፊስ ከተማ በድህነት ያደገ አሜሪካዊ ነው። አንድ ባለጸጋ ቤተሰብ አስጠግቶት በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ኮከብ ሆነ፤ ታሪኩም በ2009 ፊልም ተሠራበት። ዓለም ሁሉ በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ አድርጎ ያውቀው ነበር። በነሐሴ 2023 ኦኸር ፍርድ ቤት ባቀረበው አቤቱታ፣ በ2004 የፈረመው የጉዲፈቻ ውል ሳይሆን ሌሎች በስሙ እንዲዋዋሉ ሥልጣን የሚሰጥ ሰነድ መሆኑን ዘግይቶ እንደተረዳ ገለጸ። ቤተሰቡ ክሱን ተቃወመ፤ ዳኛዋ ግን በቀጣዩ ወር ያ ሥልጣን እንዲቋረጥ ወሰኑ። የዳርቦ ታሪክ እንዲህ ያለ ክርክር የለበትም። ያም ሆኖ የሌላ ሰው ልጅ ወደ ቤት ሲገባ የወረቀቱ ዓይነት ከፍቅሩ ጎን ለጎን መታየት እንዳለበት የኦኸር ጉዳይ በሚገባ ያስረዳል።

ዳርቦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የተከታተለው በዌስት ደ ሞይን በሚገኘው ዳውሊንግ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው። በአዮዋ በፉትቦል ስሙ የሚጠራ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ የያዘው ቦታ ዋይድ ሪሲቨር የሚባለው የኳስ ቀላቢ ቦታ ነበር።

የአሜሪካን ፉትቦል ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። ሜዳው 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከእያንዳንዱ ቡድን 11 ሰው ይገባል። ኳሱን የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሱን ያስረክባል። ኳሱን እስከ ሜዳው ጫፍ አድርሶ ከመስመሩ ያሳለፈ ታችዳውን አስቆጠረ ይባላል፤ ስድስት ነጥብ ያገኛል። ኳሱን በእግር መትቶ በቋሚዎቹ መካከል ያሳለፈ ሦስት ነጥብ አለው። ጨዋታውን የሚመራው ኳርተርባክ ነው፤ ኳሱን ሮጦ ለሚያመልጥ ቀላቢ ይወረውራል። ቀላቢው ፈጣን መሆን ብቻ አይበቃውም። የት ላይ እንደሚታጠፍ፣ በስንተኛው እርምጃ ዞር እንደሚል አስቀድሞ ተጠንቶ የተወሰነ ነው፤ ኳሱ ሲወረወር እርሱ ገና አልደረሰም። ተከላካዩ ትከሻው ላይ ተጣብቆ እያለ ኳሱን ከአየር ላይ ነጥቆ፣ ወዲያው የሚደርስበትን ግጭት ችሎ መያዝ አለበት። ዳርቦ ከአንድ ሜትር ከ85 በላይ የሚረዝም፣ ከመቶ ኪሎ ትንሽ የሚያንስ፣ ጠንካራ እጅ ያለው ቀላቢ ነበር።

ይህ ስፖርት ለመጤ ልጅ የሚያመች አንድ ጠባይ አለው። ሥልጠናው ያለው በትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ የራስ ቁሩንና የትከሻ መከላከያውን አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ያቀርባል፤ ቦታዎቹም በጣም የተለያዩ ስለሆኑ ዘግይቶ የጀመረ ልጅ በአካሉ ዓይነት ቦታ ያገኛል። ጋናዊው ኢዚኬል አንሳ በ2008 ዩታ ወደሚገኘው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ ፉትቦል ተጫውቶ አያውቅም ነበር። በ2010 ቡድኑን ተቀላቀለ፤ በ2013 ከመላ አገሪቱ አምስተኛ ሆኖ ለፕሮፌሽናል ተመረጠ። ዳርቦ ከእርሱ በተለየ ገና በልጅነቱ ነው የጀመረው።

የኮሌጅ ፉትቦል በአሜሪካ ከብዙ አገራት ብሔራዊ ሊግ የበለጠ ተመልካች ያለው ስፖርት ነው። በዳርቦ ዘመን እያንዳንዱ ትልቅ ቡድን 85 ሙሉ ስኮላርሺፕ የመስጠት መብት ነበረው፤ የትምህርት ክፍያን፣ ምግብንና መኝታን ይሸፍናል። ተጫዋቹ በአምስት ዓመት ውስጥ አራት የውድድር ዘመን መጫወት ይችላል። ደመወዝ ግን አልነበረም። ዳርቦ ከአዮዋ ወጥቶ የመረጠው ሚሺጋንን ሲሆን፣ የቡድኑ ታሪክ እስከ 1879 ይዘልቃል። በአን አርበር ከተማ ያለው ስታዲየሙ 107,601 መቀመጫ አለው፤ በአሜሪካ ከሚገኙት ሁሉ ትልቁ ነው።

መጀመሪያው የሚያስደስት አልነበረም። በ2012 አንድም ኳስ ሳይቀልብ ዓመቱ አለፈ። በ2013 ቋሚ ተሰላፊ ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ፣ የውድድሩ ዘመን ሳይጀመር እግሩ ላይ ጉዳት ደርሶበት ዓመቱን ሙሉ ከሜዳ ራቀ። ብዙ ወጣት ተጫዋቾች የሚጠፉት እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ቦታቸውን ሌላ ይይዘዋል፤ አሠልጣኙም አዲስ የመጡትን ማየት ይጀምራል። ዳርቦ ሜዳ ባይገባም ዓመቱ ከመጫወቻ ዘመኑ አልተቆጠረበትም፤ በ2014 ተመልሶ 36 ኳሶች ቀለበ፣ 473 ያርድ አስመዘገበ። ቡድኑ ግን በዚያ ዓመት 5 ጨዋታ አሸንፎ 7 ተሸነፈ፤ አሠልጣኙ ብሬዲ ሆክም ተሰናበተ። በቦታው የመጣው በወጣትነቱ ለዚሁ ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ ሆኖ የተጫወተው ጂም ሃርቦ ነው።

ሃርቦ ከመጣ በኋላ ሁሉም ነገር ተለወጠ። በ2015 ሚሺጋን 10 ጨዋታ አሸንፎ 3 ተሸነፈ፤ ዳርቦም በ58 ኳሶች ከቡድኑ ቀላቢዎች ሁሉ ቀዳሚ ሆነ። ዜግነቱን ባገኘበት ወር፣ በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ ሚሺጋን ብሪገም ያንግን 31 ለ 0 ባሸነፈበት ጨዋታ በአንድ እጁ የቀለባት ኳስ በመላ አገሪቱ በቴሌቪዥን ተደጋግማ ታየች።

የመጨረሻው ዘመኑ 2016 ከሁሉም የደመቀው ነው። 57 ኳሶች፣ 862 ያርድና 7 ታችዳውን አስመዝግቦ በሦስቱም ቡድኑን መራ። ኦክቶበር 1 ቀን ሚሺጋን በሜዳው ጠንካራውን ዊስኮንሲን ገጠመ። የሚሺጋን መቺዎች ሦስት የእግር ምት ስተው ነበር፤ በአራተኛው ሩብ ነጥቡ 7 ለ 7 ነው። ያኔ ኳርተርባኩ ዊልተን ስፓይት 46 ያርድ ርቀት ወረወረ፤ ዳርቦ ተከላካዩን አምልጦ ጫፉ ላይ ቀለባት። ጨዋታው 14 ለ 7 አበቃ። በወሩ መጨረሻ ከጎረቤት ባላንጣው ከሚሺጋን ስቴት ጋር በተደረገው ግጥሚያ 8 ኳሶች ቀልቦ 165 ያርድ አስመዘገበ፤ በኮሌጅ ሕይወቱ ከፍተኛው ነው።

ኅዳር ላይ ሚሺጋን ሳይሸነፍ ወደ አዮዋ ሲቲ ተጓዘ። ለዳርቦ ይህ ወዳደገበት ክፍለ አገር መመለስ ነበር። ውጤቱ ግን መራራ ሆነ፤ አዮዋ በመጨረሻዋ ሴኮንድ በተመታ ኳስ 14 ለ 13 አሸነፈ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ኖቬምበር 26፣ ከዘመናት ባላንጣው ከኦሃዮ ስቴት ጋር በኮሎምበስ የተደረገው ግጥሚያ ደግሞ በሁለቱ ቡድኖች የመቶ ዓመት ፉክክር ውስጥ የማይረሳ ነው። መደበኛው ጊዜ 17 እኩል አለቀ። በመጀመሪያው ጭማሪ ሰዓት ኦሃዮ ስቴት ታችዳውን አስቆጠረ፤ ሚሺጋን በአራተኛው፣ ማለትም በመጨረሻው ሙከራ ላይ ቀረ። ካልተሳካ ሁሉም ነገር ያበቃል። ስፓይት ወረወረ፤ ዳርቦ ቀለበ፤ 24 እኩል ሆነ። በሁለተኛው ጭማሪ ኦሃዮ ስቴት 30 ለ 27 አሸነፈ። ከዚያ በፊት ዳኞች ኳሱ ያረፈበትን ቦታ የለኩበት ውሳኔ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሚሺጋን በዓመቱ የተሸነፈባቸው ሦስቱ ጨዋታዎች በአንድ፣ በሦስትና በአንድ ነጥብ ልዩነት ነው፤ የመጨረሻው በፍሎሪዳ ስቴት 33 ለ 32 የተረታበት ነው። በዚያ ደረጃ ዋንጫን ከባዶ እጅ የሚለየው እንዲህ ያለች ትንሽ ልዩነት ናት።

ከኮሌጅ ወደ ፕሮፌሽናል የሚያልፉት በጣም ጥቂት ናቸው። የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር በሚያወጣው ግምት ከመቶ የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋቾች ሁለት እንኳ አይደርሱም። በሚያዝያ 2017 ከሚሺጋን 11 ተጫዋቾች ተመረጡ፤ ለዩኒቨርሲቲው ክብረ ወሰን ነው። ዳርቦ በሦስተኛው ዙር በ106ኛ ቁጥር ወደ ሲያትል ሄደ። በመጀመሪያ ዓመቱ 8 ኳሶች ቀልቦ 71 ያርድ አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ ጉዳት ተደራረበበትና ፕሮፌሽናል ሕይወቱ አልተራዘመም። ይህን እንደ ውድቀት የሚያዩ አሉ፤ ትክክል አይደሉም። ፉትቦል አካልን በፍጥነት የሚጨርስ ስፖርት ነው፤ በፕሮፌሽናሉ ሊግ አብዛኛው ሰው የሚቆየው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ያለ ወላጅ ቀርቶ ሦስት አገር ላቋረጠ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መድረስ በራሱ ታላቅ ውጤት ነው።

ከዚያው የጦርነት ዘመን የመጡ ሌሎችም አሉ፤ እነርሱን ግን ያሳደጓቸው የገዛ ወላጆቻቸው ናቸው። ታምባ ሃሊ በ1983 በላይቤሪያ ጋባርንጋ ከተማ ተወለደ። ጦርነቱ ሲደርስ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አይቮሪ ኮስት ሸሸ። አባቱ በኒው ጀርሲ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ መምህር ነበርና በ1994 ልጆቹን ወሰዳቸው፤ እናቱ ግን ቀሩ። ሃሊ በፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከአገሪቱ ምርጥ ተከላካዮች አንዱ ሆነ፤ በ2006 በ20ኛ ቁጥር የካንሳስ ሲቲ ክለብ መረጠው። በዚያው ዓመት ዜግነቱን አገኘ፤ እናቱንም ከ12 ዓመት መለያየት በኋላ አመጣቸው። ክዊቲ ፔይ ደግሞ በ1998 ጊኒ ውስጥ በሚገኝ የስደተኞች ካምፕ ተወለደ። እናቱ ከላይቤሪያ ጦርነት የሸሹ ናቸው፤ አባቱ በሴራሊዮን ጦርነት ሞተዋል። እናቱ ሕፃኑን ታቅፈው ሮድ አይላንድ ገቡና እየሠሩ ብቻቸውን አሳደጉት። ልክ እንደ ዳርቦ ለሚሺጋን ተጫወተ፤ በ2021 በ21ኛ ቁጥር የኢንዲያናፖሊስ ክለብ መረጠው። አንዱ በአባት፣ አንዱ በእናት፣ አንዱ በሞግዚት ቤተሰብ ነው ያደጉት፤ ሦስቱም ግን አሜሪካ የገቡት ሕጋዊ መኖሪያ ይዘው ነው።

ይህ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ዛሬ ከዳርቦ ዘመን የበለጠ ይመዝናል። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች ከስማቸውና ከምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቅዷል። በሰኔ 2025 በጸደቀ የፍርድ ቤት ስምምነት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ ማከፋፈል እንዲችሉ ሆኗል። በተማሪ ቪዛ የገባ ልጅ ግን በቪዛው የሥራ ገደብ ምክንያት ከዚህ ገንዘብ ተጠቃሚ ለመሆን ይቸገራል፤ በስደተኝነት ወይም በቋሚ ነዋሪነት ያለው እንደ ዜጋው ይካፈላል። ስለዚህ በአሜሪካ የወንድማቸውን፣ የእህታቸውን ወይም የዘመዳቸውን ልጅ በሞግዚትነት የሚያሳድጉ ቤተሰቦች፣ ልጁ ሜዳ ላይ ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን ወረቀቱን በጊዜ ሊያዩት ይገባል። በጉዲፈቻ መውሰድ የሚፈልጉ ከሆነ የኢሚግሬሽን ሕጉ በጥቅሉ የሚቀበለው ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው የተፈጸመውን ብቻ ነው።